በክረምት ዕረፍት ወደ አምበሪቾ ተራራ

በሆሳዕና ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰው፤ ሰማዩ በጠራ ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ቢመለከት፤ ከኮረብቶቹ ሁሉ በላይ ራሱን አንሥቶ የቆመ አንድ ትልቅ ተራራ ያያል። ይህም የከምባታው አምበሪቾ ነው። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አየው ነበር እንጂ፤ ምን እንደ ሆነ የጠየቅሁበት ጊዜ አልነበረም። ባለፈው ነሐሴ ግን ከአራት ባልንጀሮቼ ጋር ወጥቼ አየሁት፤ ወርጄም ስለ እርሱ ጠየቅሁ፤ አነበብሁም። ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን ለማቅረብ ምክንያት የሆነኝ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ስለ ወቅቱ አንድ ነገር ልናገር። በውጭ አገር መጻሕፍት ውስጥ ተማሪዎች ረጅሙን ዕረፍታቸውን ሲያገኙ ፀሐይ ነው፤ ደረቅ ነው፤ ድንኳናቸውን ተሸክመው ወደ ተራራ ይሄዳሉ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ግን ረጅሙ ዕረፍት የሚገኘው በክረምት፤ ይኸውም መሬቱ ጭቃ፤ ወንዙ ሙሉ፤ ሰማዩ ጉም በሆነበት ጊዜ ነው። ስለዚህ አሳባችንን ለወላጆቻችን በነገርናቸው ጊዜ የእኔ እናት «ተራራው እስከ ጥቅምት የትም አይሄድባችሁም» ብላ ነበር። በኋላ እንደምተርከው ነገሩ ከእርሷ ጋር ነበር፤ ነገር ግን በጥቅምት ትምህርት አለ፤ እኛም የዕረፍታችን ቀን እያለቀ ነበርና ሄድን።

ከአምስታችን ሁለቱ የሀዲያ ልጆች ናቸው። ሦስተኛው አባቱ ለሥራ ወደ ሆሳዕና መጥቶ የቀረ የዱራሜ ልጅ ሲሆን፤ አራተኛዋ የእርሱ እኅት ናት፤ አምስተኛው እኔ ነኝ። የዱራሜው ልጅና እኅቱ በተራራው ግርጌ የምትኖር አያት አለቻቸው፤ ማደሪያችንም በእርሷ ቤት እንዲሆን ተስማማን።

ከሆሳዕና በሚኒባስ ተነሥተን በአንጋጫ በኩል ወደ ዱራሜ ስንጓዝ፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከእንሰት የተለየ ነገር እምብዛም አላየንም። ቤቱ በእንሰት የተከበበ ነው፤ አጥሩም እንሰት ነው፤ ከእንሰቱም በስተኋላ ሌላ ቤት ይታያል። የሀዲያና የከምባታ አገር ከኢትዮጵያ ገጠሮች ሁሉ ሕዝብ በብዛት ከተቀመጠባቸው አንዱ ነው። ይህን ያህል ሕዝብ በጠባብ መሬት ላይ ሊኖር የቻለው ከብዙው በጥቂቱ በዚሁ ተክል ምክንያት ነው። እንሰት በየዓመቱ የሚዘራና የሚታጨድ እህል አይደለምና፤ ዝናብ በቀረ ጊዜም ከጓሮ ቆሞ ይቆያል። እናቶች በሚያስፈልጋቸው ጊዜ ቈርጠው ይፍቁታል፤ በጕድጓድ አብላልተው ቆጮና ቡላ ያደርጉታል። ቅጠሉ ለመጠቅለያ፤ ቃጫው ለገመድ፤ ተረፈ ምርቱ ለከብት ይሆናል። በከተማ የሚያድግ ልጅ ቆጮን በሳሕን ላይ ብቻ ስለሚያውቀው፤ ይህን ማስታወሱ አይከፋም ብዬ ነው።

ማታ ከአያትየው ቤት ደረስን። ጎጆዋ ከዳገቱ ሥር፤ ከእንሰቱ መካከል ነው። በእሳት ዳር አስቀምጣ ቆጮ ከጎመንና ከዐይብ ጋር አቀረበችልን፤ ቡናም አፈላች። የምትናገረው በከምባትኛ ነበርና የልጅ ልጇ እየተረጐመ ይነግረን ነበር። የመጣንበትን ጉዳይ በሰማች ጊዜ ዝም አለች። ቈይታም «ልጆቼ፤ ሂዱ፤ አልከለክላችሁም። እላይ ስትደርሱ ግን አትጩኹ» አለችን።

«እማማ፤ እርስዎ ወጥተው ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔ ምን ላድርግ ብዬ እወጣለሁ?» አለች። ከዚህ በኋላ የነገረችን ነገር ሲጠቃለል እንዲህ ነው። እርሷ ልጅ በነበረችበት ዘመን ያ ተራራ ለጨዋታ የሚወጣበት ቦታ አልነበረም። ጫፉ የተከበረ ነበረ፤ ሰው በሩቁ አይቶት ያልፋል እንጂ «ልውጣና ልየው» አይልም። ውኃ የሚመጣው ከእርሱ ነው፤ ደመናው የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው፤ አባቶችም ከዚያ ወረዱ ይባላል። እርሷ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን የምትስም አማኝ ናት፤ ሆኖም ስለ ተራራው ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር።

በእውነትም ከታሪክ እንደምንረዳው፤ በከምባታ ሕዝብ ዘንድ አምበሪቾ ተራ ተራራ አይደለም። በአገር ሽማግሌዎች ትውፊት መሠረት የከምባታ የመጀመሪያ ነዋሪዎች በዚህ ተራራ ላይ የተቀመጡ ሰባት ጎሳዎች ነበሩ። ሰባት በከምባትኛ «ላማላ» ስለሚባል፤ የእነርሱም መጠሪያ ከዚሁ ቍጥር ጋር ተያይዞ ይነገራል። ንጉሡ «ዎማ» ይባል ነበር። የመጨረሻው ዎማ ድልባቶ ደጎዬ ሲሆን፤ በ1880ዎቹ ዓ.ም የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት አገሩን እስከ ያዘበት ጊዜ ድረስ ነገሠ። ከመንግሥቱም ሌላ ተራራው የእምነት አለቃ ነበረው፤ እርሱም አባ ሰረቾ ይባላል። የጥንቱን እምነት የሚከተሉ ሰዎች ያከብሩትና ይፈሩት ነበር። ክርስትናና እስልምና እየተስፋፉ በሄዱ ጊዜ ይህ እምነት እየቀነሰ መጣ፤ ለተራራው ያለው አክብሮት ግን በእምነቱ ልክ አልቀነሰም። ይህንንም በዚያች ሌሊት በአያትየው ድምፅ ውስጥ ሰማሁት።

ተራራን ማክበር የእኛ ብቻ ልማድ እንዳይመስላችሁ። በሸዋ የሚገኘው የዝቋላ ተራራ 2,989 ሜትር ከፍታ አለው፤ በጫፉም ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ይገኛሉ፤ በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ብዙ ሕዝብ ይወጣበታል። በትግራይ ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣው በገመድ ተንጠልጥሎ ነው። ወደ ሩቅ አገር የሄድን እንደ ሆነም በቻይና ኤሜይ የሚባል የቡድሃ እምነት ተራራ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፤ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ1996 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ በቻይና የመጀመሪያው የቡድሃ ቤተ መቅደስ የተሠራውም በዚያ ነው ይላል። የኤሜይ ከፍታ 3,099 ሜትር ነው። የአምበሪቾ ደግሞ 3,058 ሜትር። እንግዲህ በመካከላቸው ያለው ልዩነት 41 ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። በኤሜይ ዝንጀሮዎች ከመንገደኛው እጅ ስንቅ ይቀማሉ ይባላል። በእኛ ተራራ ስንቃችንን የቀማን ዝናብ ነው፤ ዳቦአችን ከቦርሳው ውስጥ ገንፎ ሆኖ ተገኘ።

በማግሥቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። በክረምት ተራራ ለመውጣት ያሰበ ሰው ይህን ይያዝ፤ በአገራችን ክረምት ብዙውን ጊዜ ማለዳው ይሻላል። ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ እርጥበት ያለው አየር በተራራው ጎን ወደ ላይ ይገፋል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም እርጥበቱ ጉምና ደመና ይሆናል። ከቀትር በኋላ ዝናብና መብረቅ የሚበዛውም በዚህ ምክንያት ነው። መብረቅ ደግሞ ከፍ ብሎ የቆመውን ነገር ስለሚፈልግ፤ በጫፍ ላይ በዚያ ሰዓት መገኘት አደገኛ ነው። አያትየው «ደመናው በእርሱ ላይ ያርፋል» ያለችው፤ በጂኦግራፊ ክፍል ከተማርነው ጋር አንድ ነገር ሆኖ አገኘሁት። የተራራው ውኃ ነገርም እንዲሁ ነው፤ ሣሩና ዛፉ ዝናቡን ይዞ ቀስ በቀስ ወደ መሬት ካላስገባው፤ ውኃው በአንድ ጊዜ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል፤ በበጋም ከግርጌው ያለው ምንጭ ይደርቃል። ከግርጌው ያለው ሕዝብ ደግሞ ብዙ ነው።

ተራራው ራሱ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ስለ ቆመ በምሥራቅ በኩል አገሩ ወደ ሐላባ ሜዳ ዝቅ ይላል፤ በደቡብ በኩል ደግሞ ወንድሙ የሆነው የወላይታው ዳሞታ ተራራ አለ።

በቅርብ ዓመታት ወደ ጫፉ የሚያደርስ 777 ደረጃ ተሠርቶለታል፤ ብዙ ሰው ዛሬ «አምበሪቾ ሰባት መቶ ሰባ ሰባት» እያለ የሚጠራው በዚህ ነው። ጕብኝቱም ለአካባቢው ወጣቶች ገቢ እንዲያመጣ ታስቦ የተሠራ ነው። አሁን ግን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። የአንዱን ደረጃ ከፍታ 15 ሳንቲ ሜትር ነው ብለን ብንገምት፤ 777 በ15 ሲባዛ 11,655 ሳንቲ ሜትር፤ ይኸውም 116 ሜትር ከግማሽ ያህል ይሆናል። 20 ሳንቲ ሜትር ብንለውም 155 ሜትር ነው። የዱራሜ ከተማ ከፍታ 2,100 ሜትር ያህል ነውና፤ ከዚያ እስከ ጫፉ ያለው ልዩነት ከ900 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ «ደረጃ ከተሠራ ምን ድካም አለ?» ለሚል ሰው መልሱ ይህ ነው፤ ደረጃው የመጨረሻው ጥቂት ክፍል ብቻ ነው፤ የቀረውን ዳገት እግር ይከፍለዋል። እኛም ከደረጃው ሥር ስንደርስ ግማሻችን ደክመን ነበር፤ ይህን የሚክድ ባልንጀራ ቢኖር ፎቶግራፉ አለኝ።

ብርዱም የሚቈጠር ነው። በየ100 ሜትሩ ከፍታ አየሩ በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል፤ ከዱራሜ እስከ ጫፉ ስድስት ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው። አየሩም ይሳሳል፤ በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶው ሰባ ያህል ብቻ ነው። የሆሳዕና ልጅ ራሱ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሚኖር ብዙ አይጨንቀውም፤ ቢሆንም ደረጃውን በሩጫ የጀመሩት ሁለቱ ልጆች ከመቶኛው ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው።

ደረጃውን እየቈጠርን ስንወጣ አንድ ነገር ሆነ። የሀዲያው ልጅ በሀዲይኛ፤ የዱራሜዋ ልጅ በከምባትኛ ይቈጥሩ ጀመር። «ማቶ፤ ላሞ፤ ሳሶ» ሲሉ ሁለቱም ድምፃቸው አንድ ሆነ። አራት ላይ እርሱ «ሶሮ» እርሷ «ሾሎ» አሉ። «ኦንቶ» ብለው አምስት ላይ እንደ ገና ተገናኙ። ሰባት ላይ እርሷ «ላማላ» ስትል እርሱ «ላማራ» አለ። ስምንት ላይ ፈጽመው ተለያዩ፤ ዘጠኝ ላይ «ሆንሶ» ብለው ታረቁ። ሁለቱ ቋንቋዎች ከአንድ የኩሽ ቤተሰብ መሆናቸውን በመጽሐፍ አንብቤ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን በጆሮዬ አልሰማሁትም። በሆሳዕና አንድ ወንበር ላይ አብረው ሲቀመጡ የሚነጋገሩት በአማርኛ ስለ ነበር፤ ይህን ያህል ዝምድና እንዳላቸው እነርሱም አላወቁም ነበር። ቍጥሩ በሣቅ ስለ ጠፋብን 777 መሆኑን ራሳችን አላረጋገጥንም፤ በዚህ አንባቢ ይቅር ይበለን።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ጉሙ ለጥቂት ደቂቃ ተገለጠ። በምሥራቅ የሐላባ ሜዳ ብልጭ ብሎ ታየ፤ በምዕራብ አገሩ ወደ ኦሞ ሸለቆ እየወረደ በሰማያዊ ጭጋግ ውስጥ ይገባል። እንደ ታዘዝነው አልጮኽንም። ስልኩን አውጥቶ ዘፈን ሊከፍት የነበረው ልጅም መልሶ ከተተው።

በዚያ ቆሜ ወደ ምዕራብ ስመለከት፤ ከቤተ መጻሕፍት ያነበብሁት አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። በ1613 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ዐፄ ሱስንዮስ አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ የሚባል ፖርቱጋላዊ የኢየሱሳውያን ቄስ ከራሳቸው መልእክተኛ ጋር ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ላኩ። የምጽዋ በር በቱርኮች እጅ ስለ ነበር፤ በደቡብ በኩል ወደ ማሊንዲ ወደብ የሚያደርስ መንገድ እንዲፈልጉ ነው። ከጎጃም ወደ እናርያ፤ ከእናርያ ወደ ጀንጀሮ ማለት ወደ ዛሬው የም አገር ሄዱ፤ ታላቁን ወንዝ ተሻግረውም ወደ ከምባታ ገቡ። በዚያን ጊዜ በከምባታ የሚገዛው ሐመልማል ይባል ነበር። ሰላዮች እንዳይሆኑ ተጠርጥረው ተያዙ፤ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስም ሐመልማል አቈያቸው። በመጨረሻ ወደ ሐላባ ቢያልፉም የሐላባው ገዥ ከለከላቸው፤ ማሊንዲን ሳያዩ ተመለሱ። ከሌላ ዓለም የመጣ ሰው ከአራት መቶ ዓመት በፊት በዚህ አገር እግሩን አንሥቶ ሲሄድ፤ የሚያጋጥመው በረሓ አልነበረም፤ «ከየት መጣህ? ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ የሚጠይቅ መንግሥት ነበር።

ይህን ለባልንጀሮቼ በነገርኋቸው ጊዜ የሀዲያው ልጅ ዝም ብሎ የሚቀር አልነበረም። «ፖርቱጋሎችን ወደ ኢትዮጵያ የጠራቸው ማን ሆነና!» አለ። እውነት አለው። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት ንግሥት እሌኒ የሀዲያ ገዥ ልጅ ነበረች። በ1500ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፤ ዐፄ ልብነ ድንግል ገና ሕፃን ሳለ፤ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላከች እርሷ ናት። እንግዲህ የሀዲያ ልጅ ደብዳቤ ጻፈች፤ ከመቶ ዓመት በኋላም ከዚያው አገር የመጣ ሰው በከምባታ መሬት ላይ ተይዞ ቆመ። የዱራሜው ልጅ «እናንተ ጠራችሁ፤ እኛ አቈየን» ብሎ አሣቀን።

ሆሳዕናን በተመለከተም እዚሁ አንድ ቃል ልጨምር፤ ከተማችን ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ነበር። ራስ አባተ ቧያለው በሆሳዕና በዓል ቀን ስለ ገቡባት የአሁኑን ስም አገኘች ይባላል። ዋቸሞ የሚለው ስም ዛሬ በዩኒቨርሲቲያችን ይጠራል። አምበሪቾ ግን ስሙን አልለወጠም።

አሁን ወደ መውረዱ ልምጣ። ጉሙ ተመልሶ ሸፈነን፤ ካፊያም ጀመረ። ከእኛ መካከል ረጅሙ ልጅ «ደረጃ ለሽማግሌ ነው» ብሎ በሣሩ በኩል አቋርጦ ወረደ። እንዳንከተለው የዱራሜዋ ልጅ ከለከለችን። በክረምት የተራራ ሣር ከላይ ምንጣፍ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው አፈር ግን ውኃ ጠጥቶ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በጉም ውስጥ ደግሞ ሰው የሚያየው እግሩን ብቻ ነውና ገደሉ የት እንደሚጀምር አይለይም። ከደረጃው መካከል ስንደርስ ቆመን ጠበቅነው፤ አልመጣም።

በዚያን ጊዜ «አትጩኹ» የተባልነውን ሁሉ ረሳን። አራታችንም በአንድ ድምፅ ስሙን እየጠራን ጮኽን። ጉም ድምፅን ያሳስታል፤ መልሱ አንድ ጊዜ ከቀኝ፤ አንድ ጊዜ ከታች የሚመጣ መሰለን። እኅትየው «እርሱ ብቻ ይጥራ፤ እኛ ዝም እንበል» አለች፤ ትክክል ነበረች። ዝም ባልን ጊዜ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለየነው፤ ሁለታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን፤ በዱላ መሬቱን እየወጋን ሄድን። ከአንድ ድንጋይ ሥር ተቀምጦ አገኘነው። ቍርጭምጭሚቱ ዞሮ አብጦ ነበር፤ ሌላ ክፉ ነገር አልደረሰበትም፤ ከድንጋዩ በታች ግን ዳገቱ ገደል ነበር። ስለዚህ ነገር ማናችንም በዚያ ሰዓት አልተናገርንም።

ነጠላ አምጥተን እግሩን አጥብቀን አሰርን፤ በትከሻችን ላይ አስደግፈን ቀስ በቀስ በደረጃው ወረድን። ለመውጣት አንድ ሰዓት ያልፈጀብንን ለመውረድ ሦስት ሰዓት ፈጀብን። «ደረጃ ለሽማግሌ ነው» ያለው ልጅ እያንዳንዱን ደረጃ በአንድ እግሩ እየዘለለ ቈጠረው፤ ትክክለኛውን ቍጥር የሚያውቅ ከእኛ መካከል ቢኖር እርሱ ነው።

ከአያትየው ቤት ስንደርስ ወደ ማታ ሆኖ ነበር። በረጠበ ልብሳችን ከእሳቱ ዳር ተቀመጥን። እርሷ አንድም ቃል ሳትናገር ቅቤ አሙቃ የልጁን እግር ታሸው ጀመር። ቈይታ «ጮኻችሁ?» አለች።

እርስ በርሳችን ተያየን። የልጅ ልጇ እውነቱን ነገራት፤ ለምን እንደ ጮኽን፤ ከዚያም ለምን ዝም እንዳልን። አልተቈጣችም። እግሩን ማሸቷን ቀጠለች። ከዚያ ስለ ላይኛው ነገር ትጠይቀን ጀመር፤ ብርድ አለ ወይ? ምን ይበቅላል? ሐላባ ይታያል ወይ? ዕድሜዋን በሙሉ ከሥሩ ኖራ ያላየችውን እኛ በአንድ ቀን ወጥተን አይተን ተመለስን፤ የጠየቀችንንም ሁሉ እየተቀባበልን መለስንላት።

በመጨረሻ «የእኔ ቤት ከዚያ ይታያል?» አለች።

መልስ የሰጠ አልነበረም። ጫፉ ላይ ቆመን የሐላባን ሜዳ አየን፤ የኦሞን ሸለቆ አየን፤ ስለ ፖርቱጋል ተከራከርን፤ ያደርንበትን ቤት ግን ወደ ታች ተመልክተን የፈለገ ከአምስታችን አንድም አልነበረም። የልጅ ልጇ «ጉሙ ሸፍኖት ነበር እማማ» አላት። እርሷም «በጥቅምት ጉም የለም» አለችና ቡናውን ልታፈላ ተነሣች።

ጥቅምት ሲመጣ ከሚውሉት ቅዳሜዎች በአንዱ ከእኅትየው ጋር ተመልሰን እንድንወጣ ተስማምተናል። ረጅሙም ልጅ እመጣለሁ ብሏል፤ በደረጃው።